የባሻ ትንፋሽ

«ደጋው አይደለም እያልኩህ ነው። ደጋ የያዘው ዓሣ አፉን ወደ ውሃው ጫፍ ያወጣል እንጂ፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ከሚገፋው ውሃ ጋር አይታገልም። ና፣ ጎንበስ በልና እይ።»

«ትርንጌ፣ ገና ሦስተኛ ቀናቸው እኮ ነው። አንቺንም ከጅቡቲ አንስቼ በአንድ ጀምበር እዚህ ባወጣሽ ቁና ቁና ነበር የምትተነፍሺው።»

«ና እይ ነው የምልህ!»

ምስክር የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ መጣ። እህቱ ትርንጎ ትልቁን የመስታወት ገንዳ በብርድ ልብስ ሸፍና፣ እሷም ከብርድ ልብሱ ሥር ገብታ፣ የእጅ ባትሪዋን በመስታወቱ ጎን አስደግፋ ይዛለች። ውጭ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ነው፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ግን ጨለማ። ምስክር አንገቱን አስገባ። አንድ ቢጫ ዓሣ ክንፎቹን ከገላው ጋር አጣብቆ ቆሟል። የባትሪው ብርሃን በጎኑ ላይ ሲንሸራተት ቆዳው ብልጭ አለ፤ በወንፊት የተነፋ ወርቃማ ዱቄት የተበተነበት ይመስላል።

«አቧራ ነው» አለ ምስክር።

«ውሃ ውስጥ? አቧራ?»

 ምስክር ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ።

*

ይህ የሆነው በአንድ ወቅት ነው፤ ከተማዋ መስታወት የወደደች ሰሞን። ሆቴሉም፣ የጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍልም፣ አዲስ የተሠራው ሕንፃ መግቢያም ዓሣ ይፈልግ ነበር። የሐይቅ ዓሣ አይደለም፤ የባሕር፣ ባለ ቀለም፣ በጨው ውሃ ውስጥ የሚኖር። ሃያ ሁለት አካባቢ አቶ ቸርነት የሚባሉ ሰው ይህንኑ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው።

ባሕር በሌላት ከተማ ውስጥ የባሕር ዓሣ ማኖር የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ የሚይዘው አየር ባሕር ዳር ካለው ያንሳል። ስለዚህ ከጅቡቲ የሚመጣ ዓሣ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በኃይል ይተነፍሳል። በሱቁ ቋንቋ «ደጋ ያዘው» ይባላል። ሕክምናው ሦስት ቀን መታገሥ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ የአየር ሞተሩ ይጨመራል፣ ማንም አይነካቸውም።

ሌላ አገር ያለ ዓሣ ሻጭ አዲሱን ዓሣ ከነባሩ ሳይቀላቅል በትንሽ ገንዳ ውስጥ ለይቶ ከወር በላይ ያቆየዋል። አቶ ቸርነት ይህን አይወዱም። «ትንሹ ውስጥ ታፍኖ ከሚሞትብኝ ትልቁ ውስጥ ይተንፍስልኝ» ይላሉ። በመጣበት ዕለት ይቀላቅሉታል።

ሃያ ዓመት እንዲህ አደረጉ። ሃያ ዓመት ምንም አልሆነም።

*

በትልቁ ገንዳ ውስጥ ባሻ ነበር። ሰማያዊ ገላ፣ ቢጫ መስመሮች፣ ከሁለት መዳፍ የሚሰፋ ዓሣ። አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። የማይሸጠው እሱ ብቻ ነው። ሲርበው ከውስጡ «ጡብ» የሚል ድምፅ ያወጣል፤ መስታወቱ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ድምፁ መዳፉ ውስጥ ይሰማዋል። ግላኮማ የአቶ ቸርነትን ዓይን ከወሰደ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር፤ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ጡብ። ከዚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ሚስታቸው ሞተዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ይርዳው፣ ታላቁ፣ በአንድ የቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ሲለካ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ትርንጎ፣ መካከለኛዋ፣ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ሱቁን የያዘች፣ ከሱቁ በላይ ባለው ቆጥ ላይ የምትተኛ፣ ሌላ ቤትም ሌላ ሥራም የሌላት። ምስክር፣ ታናሹ፣ በአይሱዙ ጅቡቲና አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ዓሣውን የሚያመጣ፣ መንታ ልጆቹንና ሚስቱን በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠ።

አቶ ቸርነት ለዓይናቸው ፀበል ሊጠመቁ ለአርባ ቀን ከከተማ የወጡ ዕለት ሦስቱንም ሰብስበው እንዲህ አሉ።

«ሱቁ ለሦስት አይቆረስም። ስመለስ ባሻን በሕይወት አቆይቶ የሚያስረክበኝ ሰው ሱቁን ይውሰድ። ከነቆጡ። ያ ሰው ማን እንደሚኖርበትና ማን እንደሚወጣ ይወስናል። እኔንም ጨምሮ።»

«አባዬ፣ ምን ማለትዎ ነው አሁን ይሄ?» አለች ትርንጎ።

«ሰምተሽኛል።»

በሄዱ በሳምንቱ ምስክር አሥራ አራት አዳዲስ ዓሦች ይዞ መጣ። ሁሉም በኃይል ይተነፍሱ ነበር። ሁሉም ትልቁ ገንዳ ውስጥ ገቡ።

*

ትርንጎ ያደረገችው ይህ ነው።

አየች። ሦስት ቀን ከገንዳው ሥር በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። በደብተር ጻፈች፤ የቱ ምግብ እንደተወ፣ የቱ ከብርሃን እንደሸሸ፣ የቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ። ሌላም የዓሣ በሽታ ታውቃለች፤ እንደ ጨው ፍሬ ነጭ ነጭ ነጥብ የሚያወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚገድል፣ ጊዜ የሚሰጥ። ይህ ያ አልነበረም። ይህ ዱቄት የሚመስል ተባይ ነው። በግንባር ብርሃን አይታይም፤ በጨለማ፣ ከጎን ብቻ። መጀመሪያ የሚበላው ስንጥባቸውን፣ ማለትም የሚተነፍሱበትን ነው። ቆዳ ላይ ሲታይ ውስጡን ጨርሷል።

በሦስተኛው ቀን ባሻ ጎን ላይ ባትሪዋን አሳረፈች። ሰማያዊው ላይ ወርቅ ብልጭ አለ።

እሷ ባትናገር ኖሮ ሁሉም «ደጋው ነው» እያሉ ይጠብቁ ነበር። ማንም አይነካቸውም ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ገንዳው ባዶ ይሆን ነበር።

በሽታውን አወቀች። መድኃኒት ግን አልነበራትም። ስልክ ደወለች።

*

ይርዳው ያደረገው ይህ ነው።

ከፋብሪካው ሳይፈቀድለት ወጥቶ መጣ። በቦርሳው የመዳብ ጨው፣ ሚዛንና የመለኪያ ብልቃጦች ነበሩ።

«ስንት ቀን አለን?»

«ቀን አትበለኝ ጋሼ። ሰዓት ቁጠር።»

«ባሻን ለብቻው ማውጣትስ?»

«ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሃል? ድንጋዩን አንስተን እስክንይዘው ልቡ ቀጥ ትላለች።»

«እንግዲያው ትልቁን ገንዳ ነው የማክመው።»

ትርንጎ ከበርጩማዋ ተነሣች። «መዳብ እዚህ ውስጥ? ሽሪምፖቹስ? ቀንድ አውጣዎቹ? አባዬ በእጃቸው ድንጋዩ ላይ የተከሉት ለስላሳው ኮራልስ?»

«አጥንት የሌለው ሁሉ ይሞታል። አውቃለሁ።»

«ድንጋዩ እኮ መዳቡን ይጠጣዋል። ከዚህ በኋላ በዚህ ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚባል ነገር አይበቅልም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«ለአባዬ እንደውል።»

ይርዳው ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ እያየ መለሰ። «ከደወልን እምቢ ይላሉ። እምቢ ካሉ ባሻ ይሞታል። ስለዚህ አንደውልም።»

መዳቡን በሁለት ቀን ውስጥ በሦስት ጊዜ ጨመረው። መጠኑ ካነሰ ተባዩን አይገድልም፤ ከበዛ ዓሣውን ይገድላል። በየሁለት ሰዓቱ ውሃ እየቀዳ በብልቃጥ ውስጥ ቀለሙን አነጻጸረ። አንዴም አልሳተም።

ኮራሎቹ መጀመሪያ እንደ ቡጢ ተጨበጡ። ከዚያ እንደ ጄሶ ነጡ። ከዚያ ቀለጡ። ባሻ አፉን ከፍቶለት ጥርሱን የሚያጸዳለት ቀይ ሽሪምፕ በጀርባው ተገኘ። ሱቁ መሽተት ጀመረ፤ ጎረቤት ያለው ፎቶ ቤት ሰው ልኮ «ምን ሞቶባችሁ ነው?» ብሎ አስጠየቀ። ይርዳው በባልዲ ውሃ እየቀየረ፣ በቀየረ ቁጥር መዳቡን እየለካ እየተካ፣ ሳያቋርጥ ሠራ። ፋብሪካው ማስጠንቀቂያ ጻፈለት።

አዲሶቹ አሥራ አራቱ ሁሉም ሞቱ፤ መድኃኒቱ ዘግይቶባቸዋል። ባሻ አልሞተም። በሰባተኛው ቀን ትርንጎ ባትሪዋን አብርታ «ዱቄቱ ሳስቷል» አለች።

ባሻ ግን በጎኑ ተኝቶ ነበር።

*

ምስክር ያደረገው ይህ ነው።

ከጉዞ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ አየ። ነጭ ድንጋይ። ባዶ ውሃ። የተጋደመ ዓሣ።

«ዶክተር» አለው ይርዳውን፤ ሲናደድበት እንዲህ ነው የሚጠራው። «ጨረስከው አይደል?»

«ተባዩ እየሞተ ነው። መድኃኒቱ ሠርቷል። አምስት ቀን ስጠኝ።»

«እሱስ አምስት ቀን አለው?»

ይርዳው ወደ ብልቃጦቹ ዞረ። ስንጥቡ ተበልቷል፤ በተበላ ስንጥብ፣ አየር ባነሰበት ውሃ ውስጥ፣ አምስት ቀን የለውም። ያውቀው ነበር። ማድረግ የሚችለውንም ሁሉ አድርጓል።

«ደጋው ነው ብያችሁ ነበር» አለ ምስክር። «ከመጀመሪያው። ዱቄት ትሉኛላችሁ፣ መዳብ ትሉኛላችሁ፤ ዓሣው የሚፈልገው አየር ነው።»

ሰማያዊ በርሜል ከመኪናው አወረደ። ከገንዳው ውሃ ሞላው። «የለመደውን ውሃ ይያዝ» አለ። እጁን አስገብቶ ባሻን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው፤ የጀርባው እሾህ መዳፉን ቀደደው፤ አልለቀቀውም። ጭነት የሚጠብቀው ነጋዴ አምስት ጊዜ ደወለለት። አላነሣም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ሞተር በርሜሉ ላይ አስሮ ቁልቁል ነዳ።

ደብረ ዘይት ላይ ዓሣው ተጋድሞ ነበር። አዳማ ላይ ተጋድሞ ነበር። መተሐራ ሲደርስ ተዛንፎ ቆመ። አዋሽ ሲገባ ክንፎቹን ዘረጋ።

«ቆመ!» አለ በስልክ።

«ማን?» አለች ትርንጎ።

«ባሻ ነዋ! ሌላ ማን አለን?»

አዋሽ በሚያውቃት ሴት ምግብ ቤት ጓሮ፣ በጥላ ሥር አስቀመጠው። ሙቀቱ ውሃውን እንዳያፈላው ርጥብ ጆንያ በበርሜሉ ዙሪያ ጠቀለለ፤ ሴትዮዋ በቀን ስድስት ጊዜ ታርሰዋለች። በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ በደረሰ ቁጥር ከትልቁ ገንዳ ውሃ በጀሪካን ይሞላል፤ የለመደውን ውሃ። ይርዳው ደግሞ ምስክር ከመምጣቱ በፊት ገንዳው ውስጥ ያለውን መዳብ ይለካል፤ የጎደለውን ይሞላል። አንዱ ለሌላው ምንም አልተናገረም።

ሃያ አንድ ቀን።

*

ምስክር ባሻን የመለሰው አባቱ ከመድረሳቸው አንድ ቀን በፊት ነው። ባሻ ወደ ባዶው ገንዳ ገባ፤ በነጩ ድንጋይ መሃል አንዴ ዞረ። በላ። በኃይልም ይተነፍሳል።

ትርንጎ ብርድ ልብሱን ጣለች፤ ባትሪዋን ከጎን አበራች። ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ያየሽው ነገር አለ?» አለ ይርዳው።

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ደጋው ነው» አለ ምስክር።

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ማለት ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ ቀንም ምንም አይታይም።»

ሦስቱም መስታወቱን እያዩ ቆሙ። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሰዎች ከሱቁ ጣሪያ ሥር ተጠልለው ስለ ታክሲ ሰልፍ ይከራከሩ ነበር።

*

አቶ ቸርነት ነጠላቸው ርሶ ገቡ። ዓይናቸው እንደነበረ ነው። ልጆቻቸውን አልሳሙም። በቀጥታ ሄደው መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ።

ጠበቁ።

ጡብ።

ፈገግ አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ከልጆቻቸው አንዳቸውም ሊያስቆማቸው አልደፈረም። ጣታቸው ድንጋዩን ዳሰሰ። ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ ሄደ። ከታች ወረደ።

«ለስላሳው የት ሄደ?»

እጃቸውን ከውሃው ሳያወጡ ፊታቸውን ወደ ልጆቻቸው አዞሩ።

«ጠየቅኳችሁ እኮ።»

ያን ጊዜ ነገሯቸው። በየተራ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ሳያቋርጥ፤ እኔ እዚህ እንደነገርኳችሁ። አባትየው ፊታቸውን ወደሚናገረው እያዞሩ ሰሙ። ሲጨርሱ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ትርንጎ። ደብተርሽ ላይ መጀመሪያ የጻፍሽው መቼ ነው?»

«በመጀመሪያው ቀን። ማታ። ቢጫው ድንጋይ ላይ ሁለቴ ራሱን አከከ።»

«የተናገርሽውስ?»

«በሦስተኛው ቀን።» ድምፅዋ ወረደ። «እርግጠኛ አልነበርኩም አባዬ። አዲስ ዓሣ ሁሉ ያክካል።»

«የኔ ጭነት እስኪሞት ነው የጠበቅሽው» አለ ምስክር። «ያመጣው በሽተኛ ነው እንዲባል።»

«በእናቴ ስም እንዲህ ብዬ አላሰብኩም።»

«አንተ ዝም በል» አሉት አቶ ቸርነት ምስክርን። «ይርዳው።»

«አቤት።»

«ይህ ሱቅ ይዘጋ፣ ለሌላ ነገር ይከራይ ማለት ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ሰባት ዓመት።»

«አሁን ይህ ገንዳ ኮራል አያበቅልም። ይህን ስታደርገው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ባሻን ለማትረፍ ሌላ መንገድ ቢኖር ያንኑ አደርግ ነበር። አልነበረም።»

«ሳትጠይቀኝ።»

«ሳልጠይቅዎ።»

«ምስክር።»

«እዚህ ነኝ አባዬ።»

«እነዚህን አሥራ አራቱን ከማን ገዛህ?»

«ከማላውቀው ሰው። የምናውቀው ሰውዬ አልነበረም። መልካቸው ያምር ነበር።»

«ባሻን ቁልቁል የወሰድከው ለምንድን ነው?»

«ደጋው ነው ብዬ።»

«ደጋው ነበር?»

ምስክር የተቀደደ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጠባሳው ገና ቀይ ነው። «አላውቅም። እነሱ አይደለም ይላሉ። ቆላ ሲደርስ ግን ቆመ። እኔ ያየሁት ይህን ነው።»

«በመዳብ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው የቆመው» አለ ይርዳው።

«ባንተ መዳብ ውስጥ እዚህ ተጋድሞ ነበር!»

«እኔ ባላየው ኖሮ ሁለታችሁም ሬሳ ነበር የምትለቅሙት» አለች ትርንጎ።

«ያየሽውን በሰዓቱ ብትናገሪ እኔ አባዬ የተከሉትን ሁሉ አልገድልም ነበር!»

«እሱ ባያመጣው ኖሮ...»

«ትልቁ ውስጥ ጨምሩ ያለው ማን ነው?» አለ ምስክር።

 አቶ ቸርነት እጃቸውን ከውሃው አወጡ። ጨው ውሃው ከክርናቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የሸሚዛቸውን እጅጌ ቀስ ብለው አወረዱ፤ አዝራሩን ቆለፉ። ከወገባቸው የሱቁን ቁልፍ ፈትተው ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«ሁለታችሁ ውጡ» አሉ። «አንዳችሁ ቅሩ።»

«ማን?» አለ ይርዳው።

«ስሙን ከኔ አትጠብቁ። ሦስታችሁም የተሠራውን ታውቃላችሁ። ማን እንደቀረም አትንገሩኝ፤ ነገ ጠዋት ሻዩን ሲያቀርብልኝ አውቀዋለሁ።»

ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ። ከነጩ ድንጋይ በላይ ባሻ ይተነፍሳል፤ በፍጥነት፣ በፍጥነት። የደጋው ትንፋሽ ይሁን የሌላው፣ በዚያ ሰዓት የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዷ ማንም ያላየውን አየች፤ ግን ዘገየች። አንዱ ተባዩን ገደለ፤ ከተባዩ ጋርም የአባቱን የሃያ ዓመት ሥራ ገደለ። አንዱ በሽታውን አመጣ፣ ምን እንደሆነም እስከ መጨረሻው አላመነም፤ ነገር ግን ዓሣው የቆመው በእሱ በርሜል ውስጥ ነው። አንዳቸውን ብታወጡ ባሻ የለም። ቁልፉ ደግሞ አንድ ነው።

ከሦስቱ ውስጥ መቅረት የሚገባው ማን ነው?

የሁለት ሰው ኮቴ ተሰማ። የብረቱ በር ተዘጋ።